ምዕራፍ 7፦ ቀሪውን ብቻ የሚይዝ ማሽን

ከሰዓት በኋላ መርካቶ ውስጥ አንድ ሱቅ ብትገቡ የግድግዳው ሰዓት 9 ሰዓት ከ20 ይላል፤ ባለሱቁ ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠው ስልክ ደግሞ 15:20 ያሳያል። ማንም አይደናገርም። ባለሱቁ ለደንበኛው «ዕቃው 10 ሰዓት ላይ ይደርሳል» ይለዋል፤ ወዲያው ስልኩን አንስቶ ዱባይ ላለው ላኪ በውጭው አቆጣጠር ቀጠሮ ይሰጣል። ቅየራውን ሲሠራ ወረቀትም ካልኩሌተርም አይዝም። ይህ ሰው ሳያውቀው የሚሠራበት ሒሳብ በእጅ ሰዓት ውስጥ ያለውን ቺፕ የሚያንቀሳቅሰው፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚወስነው፣ የሒሳብና የኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች ለጨዋታ የሚሠሯቸውን እንግዳ ሰዓቶች ሁሉ የወለደው ሒሳብ ነው።

በምዕራፍ 3 በማጋመስና በማጠፍ የሚሠራውን፣ በሒሳብ ወዳጆች ዘንድ «የኢትዮጵያውያን ማባዣ» የሚባለውን ዘዴ አይተናል። አንድን ቁጥር እያጋመስን ስንወርድ ጎዶሎ የሆነውን ብቻ እንይዝ ነበር። በምዕራፍ 5 ደግሞ ትራንዚስተር የሚባለው ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያ እንዴት እንደሚሠራ ተመልክተናል። ሁለቱ የሚገናኙት እዚህ ነው።

ዕቁቡ

መርካቶን ያለ ዕቁብ ማሰብ አይቻልምና ከዚያው እንነሣ። 12 ነጋዴዎች በየሳምንቱ የሚጥሉት ዕቁብ አላቸው እንበል። ዕጣው ከመጀመሪያው ወጥቶ የእያንዳንዱ ሰው ተራ ታውቋል፤ ዙሩ ሲያልቅም በዚያው ተራ እንደገና ይጀምራሉ። በ41ኛው ሳምንት የሚወስደው ማነው? ጸሐፊው መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማገላበጥ አያስፈልገውም። 41ን ለ12 ሲያካፍል 3 ሙሉ ዙር ይወጣና 5 ይቀራል፤ ተራው የአምስተኛው ሰው ነው። በ53ኛው ሳምንትም የሚቀረው 5 ነው፤ በ65ኛውም እንዲሁ። ተራን ለማወቅ ስንት ዙር እንዳለፈ መቁጠር ምንም አይጨምርም።

በ48ኛው ሳምንትስ? 48 ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ቀሪው ዜሮ ነው፤ ተራው የ12ኛው ሰው ነው። በዚህ ዕቁብ ዜሮና 12 አንድ ቦታ ይጋራሉ ማለት ነው። በሰዓት ገጽ ላይ 12 መነሻም መድረሻም ሆኖ ከላይ የተቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ንጋት ላይ 12 ሰዓት እንላለን፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሲያልፍ 1 ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሲያልፍ 3 ሰዓት ይሆናል። ቁጥሩ ከቀኑ ምን ያህል እንደሄደ በቀጥታ ይናገራል። እኩለ ሌሊትን መነሻ ያደረገው የውጭው አቆጣጠር ይህን አይነግረንም፤ ለእኔ የአገራችን አቆጣጠር ትልቁ ውበት ይኸው ነው።

ሰዓትም ከዕቁቡ ጸሐፊ የተለየ ሥራ የለውም። ሙሉ ዙሮችን ይጥላል፤ ቀሪውን ይይዛል። የግድግዳ ሰዓታችሁ ከተሰቀለ ጀምሮ ስንት ሺህ ሰዓት እንደቆጠረ ብትጠይቁት አያውቅም፤ የሚያውቀው ከመጨረሻው 12 ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። የጣለውን ዙር የምንመልስለት እኛ ነን፤ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የምንለው ለዚህ ነው።

የሒሳብ ሰዎች ይህን ስሌት ሞዱላር አሪትሜቲክ ይሉታል። በአውሮፓ መልክና ምልክት የሰጠው ጀርመናዊው ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ሲሆን በ1801 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነው። እኛ ግን የዕቁብ ሒሳብ እያልን እንቀጥል፤ ባለ 12፣ ባለ 60፣ ባለ 7 ዕቁብ ስንል ለስንት እያካፈልን ቀሪ እንደምንይዝ መናገራችን ነው።

ተቃራኒውን ጫፍ አንብቡ

ባለሱቁ የውጭውን ሰዓት ወደ እኛ ሲቀይር 6 ይደምራል ወይስ ይቀንሳል? ጠዋት 7 የነበረው 1 ሰዓት ሲሆን የቀነሰ ይመስላል። ከቀትር በኋላ 3 የነበረው 9 ሲሆን ደግሞ የደመረ ይመስላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በባለ 12 ዕቁብ ውስጥ ከአንድ ሰው ተነስታችሁ ስድስት ወደ ፊት ብትቆጥሩም ስድስት ወደ ኋላ ብትቆጥሩም የምትደርሱት እዚያው ሰው ጋ ነው፤ 6 የ12 ግማሽ ነውና። ልዩነቱ 5 ወይም 7 ቢሆን ኖሮ መደመርና መቀነስ ወደተለያየ ቦታ ያደርሱን ነበር።

ከዚህ አንድ የሚያምር ነገር ይወጣል። የሰዓት ገጽ ክብ ነው፤ በክብ ላይ ስድስት ሰዓት መራመድ ማለት ትክክል ፊት ለፊት ወዳለው ቦታ መሻገር ማለት ነው። ስለዚህ በውጭው አቆጣጠር የተሞላ ማንኛውም ባለቆጣሪ ሰዓት የኢትዮጵያንም ሰዓት አብሮ ያሳያል፤ አጭሩ ቆጣሪ የሚያመለክተውን ትቶ ከኋላው በተቃራኒ የሚያሳየውን ማንበብ ብቻ ነው። የደቂቃው ቆጣሪ ለሁለቱም ያገለግላል። አንድ ርካሽ የግድግዳ ሰዓት ገዝታችሁ፣ መስታወቱን አንስታችሁ፣ በአጭሩ ቆጣሪ ጭራ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ስስ ወረቀት ብትለጥፉ መንታ ሰዓት ሠራችሁ። ወረቀቱ ቀላል ይሁን፤ የሰዓቱ ሞተር ጉልበቱ ትንሽ ነው። ከጨዋታ ሰዓቶች ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው፤ ምንም ሳይጨመርበት የነበረውን ነገር ስለሚያሳይ።

ይህ አቆጣጠር የእኛ ብቻ አይደለም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ከንጋት ተነሥተው ይቆጥራሉ፤ ስለዚህ ጭራው ለሞምባሳም ይሠራል። ሁለታችንም የምንኖረው ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። በአዲስ አበባ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ባለው ውስጥ ነው የሚመላለሰው፤ ንጋት ብዙ አይሸሽም። የኦቶማን ቱርኮችም ሰዓታቸውን ከፀሐይ መጥለቂያ ጀምረው ይቆጥሩ ነበር፤ ኢስታንቡል ግን ከምድር ወገብ ርቃ ስላለች የፀሐይ መጥለቂያው ከወር ወር በእጅጉ ይለዋወጥባቸዋል፣ ሰዓቱንም እየደጋገሙ ማስተካከል ነበረባቸው።

32,768

አሁን ሰዓቱን ከጀርባው እንክፈተው። ለዚህ አዲስ ማበላሸት አያስፈልግም፤ ቆራሌው ከየሰፈሩ ሰብስቦ ምናለሽ ተራ የሚያደርሰው አሮጌ ዕቃ ውስጥ የቆመ የግድግዳ ሰዓት አይጠፋም። በጥቁሩ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የምታገኙት ጥቂት ነገር ነው፦ የመዳብ ጥቅል ሽቦ፣ ትንሽ ቺፕ፣ ማግኔት፣ ጥርስ ያላቸው የፕላስቲክ ማርሾች፣ እንዲሁም የስንዴ ቅንጣት የምታክል ብርማ ቆርቆሮ። የሰዓቱ ልብ ያቺ ቆርቆሮ ናት።

በውስጧ ሁለት ጣት ያለው ሹካ ቅርጽ ይዞ የተቆረጠ የኳርትዝ ድንጋይ አለ። ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በ1880 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ኳርትዝ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ደግሞ ቅርጹ በጥቂቱ ይለወጣል። ከባትሪው በሚመጣው ኃይል ሹካው ይርገበገባል፤ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ።

ለምን 30,000 አልሆነም? ለምን ያልተጠጋጋ ቁጥር? ይህ ቁጥር ለኤሌክትሮኒክስ ከ30,000 ይልቅ የተጠጋጋ ነው። ሲጋመስ 16,384 ይሆናል፤ ሲደገም 8,192፤ እንዲህ እየተባለ ልክ በ15ኛው ማጋመስ 1 ላይ ይደርሳል። የምዕራፍ 3 ነጋዴ ቢያገኘው ደስ የሚለው ቁጥር ነው፤ አንድም ጊዜ ጎዶሎ ሳይወጣ እስከ አንድ ይወርዳል።

ቺፑ ማጋመሱን የሚሠራው በዕቁብ ነው፤ ሁለት አባል ብቻ ባለው ዕቁብ። ሹካው አንዴ ሲርገበገብ ተራው የአንደኛው ነው፤ ሲደግም የሁለተኛው። ዙሩ ሞላ፤ ለቀጣዩ ዕቁብ አንድ መልእክት ይላካል። ሁለተኛው ዕቁብም ሁለት መልእክት ሲደርሰው አንድ ለሦስተኛው ያሳልፋል። እንዲህ ያሉ 15 ዕቁቦች ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አሁን ተራው የማን ነው? ስንት ሺህ ዙር እንደዞረ አንዳቸውም አያውቁም። ባለሙያዎች እያንዳንዱን ዕቁብ ፍሊፕ ፍሎፕ ይሉታል፤ በምዕራፍ 5 ካየናቸው ትራንዚስተሮች በጥቂቶቹ ይሠራል። ከሰልፉ መጨረሻ የሚወጣው መልእክት በሴኮንድ አንድ ነው።

ያ መልእክት በጥቅል ሽቦው ውስጥ ያልፍና ማግኔቱን ግማሽ ዙር ያዞረዋል። የሚቀጥለው በተቃራኒ አቅጣጫ ያልፋል፤ ሌላኛውን ግማሽ ያዞረዋል። የምትሰሙት «ጭቅ» የሚል ድምፅ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የማርሾች ሥራ ነው፤ ማግኔቱ 30 ጊዜ ሲዞር የሴኮንድ ቆጣሪው አንዴ፣ የሴኮንዱ 60 ጊዜ ሲዞር የደቂቃው አንዴ፣ የደቂቃው 12 ጊዜ ሲዞር አጭሩ አንዴ ይዞራል። ባለ 2፣ ባለ 30፣ ባለ 60፣ ባለ 12 ዕቁቦች፤ ግማሾቹ በሲሊከን፣ ግማሾቹ በፕላስቲክ ጥርስ የተሠሩ።

ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት የጃፓኑ ሴይኮ አስትሮን ነው፤ የወጣውም በታኅሣሥ 25 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ነበር። የእሱ ድንጋይ በሴኮንድ 8,192 ጊዜ ይርገበገብ ስለነበር 13 ማጋመስ ይበቃው ነበር።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ጉዳይ አለ። ሹካው የሚቆረጠው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ትክክል እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ ከዚያ ሲበርድም ሲሞቅም ይዘገያል። የከተማችን አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው። የዘጠኝ ዲግሪው ልዩነት ብቻውን በቀን ሩብ ሴኮንድ ያህል፣ በዓመት አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ያዘገያል። ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ሲቀር ሁልጊዜ ባትሪውን አትውቀሱ፤ ብርዱም ድርሻ አለው።

የመስታወት ሰዓት

ማግኔቱ ወደ ቀኝ ብቻ የሚዞረው በዙሪያው ያለው ብረት ቅርጹ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለሆነ ነው። ብረቱን ነቅሎ ገልብጦ መልሶ የሚገጥም ሰው ሰዓቱን ወደ ኋላ የሚሄድ ያደርገዋል። ቁጥሮቹን በግልባጭ ጽፎ ከመስታወት ፊት ለፊት ሲሰቅለው መስታወቱ ውስጥ ቀና ሰዓት ይታያል፤ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ደንበኛ ደህና አገልግሎት ነው። ቦሊቪያ በ2014 እ.ኤ.አ. ላ ፓዝ ባለው የምክር ቤት ሕንፃዋ ላይ ወደ ግራ የሚዞር ትልቅ ሰዓት አድርጋለች፤ በደቡብ ንፍቀ ክበብ የፀሐይ ሰዓት ጥላ የሚዞረው ወደዚያ ነውና።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፈተና

ለሒሳብ ወዳጆች ከተሠሩት ሰዓቶች ብዙዎቹ ቁጥሩን ደብቀው ስሌቱን የሚጽፉ ናቸው። አንዱ ሁሉንም ቁጥር በሦስት ዘጠኞች ብቻ ይሠራል፤ 10 በሚቀመጥበት «9 + 9 ÷ 9» ተጽፏል፣ 11 በሚቀመጥበት «99 ÷ 9»። በሌላው 12 የነበረበት ላይ የ1,728 ሣልሳዊ ሥር አለ፤ 12 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1,728 ነው። በዚያው ሰዓት ላይ 4 የነበረበት ቦታ የተጻፈው ግን ከሁሉ ይበልጣል፦ በባለ 7 ዕቁብ የ2 ግልባጭ። በሁለት ሲባዛ 1 የሚሰጠው ቁጥር የትኛው ነው ማለት ነው። በተለመደው ሒሳብ መልሱ ግማሽ ነው። በባለ 7 ዕቁብ ግን 2 በ4 ሲባዛ 8፣ 8 ለ7 ሲካፈል ቀሪው 1። ሰኞ ተነስታችሁ አራት ቀን፣ ከዚያም ሌላ አራት ቀን ብትቆጥሩ ማክሰኞ ላይ ናችሁ፤ ሁለት አራቶች አንድ ቀን ብቻ አራመዷችሁ።

የኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች ደግሞ ቀሪውን በመብራት ይጽፋሉ። ዲተር ቢኒንገር የሠራውና በ1975 እ.ኤ.አ. በርሊን ጎዳና ላይ የቆመው ሰዓት ቁጥር የለውም፤ የመጀመሪያው ረድፍ መብራቶች አምስት አምስት ሰዓት፣ ሁለተኛው አንድ አንድ ሰዓት፣ ሦስተኛው አምስት አምስት ደቂቃ፣ አራተኛው አንድ አንድ ደቂቃ ናቸው። 16:47 ሲሆን ከላይ ወደ ታች 3፣ 1፣ 9፣ 2 መብራቶች ይበራሉ። ሁለትዮሽ ሰዓት የሚባለው ይበልጥ ቆጣቢ ነው፤ ለሰዓት 4፣ ለደቂቃ 6 መብራት ይበቃዋል። 9 ሰዓት ከ20 ላይ የ8ና የ1 መብራቶች፣ ከታች የ16ና የ4 መብራቶች ይበራሉ። ይህ ሰዓት በእውነቱ ከቺፑ ውስጥ ያሉትን ባለሁለት አባል ዕቁቦች አውጥቶ ተራቸውን በአደባባይ የሚያሳይ ነው።

እስካሁን በሰፊው ሲሠራ ያላየሁት፣ ሊሠራ ግን የሚገባው፣ የግእዝ ቁጥር ዲጂታል ሰዓት ነው። በመደበኛ ዲጂታል ሰዓት ላይ ያለው ሰባት ጭረት ያለው ማሳያ ፩ን ወይም ፮ን መሳል አይችልም፤ በነጥብ የሚስል ማሳያ ያስፈልጋል። ከ1 እስከ 59 ለመጻፍ 14 ምልክቶች ይበቃሉ፦ ዘጠኙ አሃዶች፣ ከዚያ ፲፣ ፳፣ ፴፣ ፵ እና ፶። 9 ሰዓት ከ20 «፱ ፳» ነው፤ ሁለት ፊደል ብቻ። ዜሮ ስለሌለ ልክ 9 ሰዓት ሲሆን የደቂቃው ቦታ ባዶ ይሆናል። ሃያዎቹ የግእዝ ቁጥሮች ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላሉ ለፕሮግራም አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም።

532 ዓመት የሚዞረው ሰዓት

መርካቶ ውስጥ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ ተጎራብተው ቆመዋል። ሁለቱም በቀሪ የሚሠራ የዘመን ሒሳብ አላቸው። በሰንጠረዥ የሚሰላው የሂጅራ አቆጣጠር ባለ 30 ዓመት ዕቁብ ነው፤ ከ30ዎቹ 11ዱ አንድ ቀን ይጨመርባቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ከብዙ ዕቁቦች የተያያዘ ነው። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአማርኛ፣ ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ሰፊ መጽሐፍ ጽፈውበታል።

2018 ዓ.ም.ን እናስላ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። በባለ 4 ዕቁብ ቀሪው 2፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው (1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ዜሮ ዮሐንስ)። ለ4 ሲካፈል የወጣውን 1,879 ከ7518 ጋር ደምረን 9,397ን በባለ 7 ዕቁብ ስናየው ቀሪው 3 ነው። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፤ መስከረም 1 ሐሙስ ውሏል።

ቀጥሎ ጨረቃ ትገባለች። 7518ን ለ19 ስናካፍል 13 ይቀራል፤ ይህ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስለት 12፤ ይህ ወንበር ነው። 19 የተመረጠው ፀሐይና ጨረቃ በ19 ዓመት ተመልሰው ስለሚገናኙ ነው፤ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ወንበሩ በ11 ይባዛና ሠላሳ ሠላሳው ይጣላል፦ 132፣ ቀሪው 12። ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፣ ሠላሳው ሲጣል 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር 30 ሆነ፤ በባለ 30 ዕቁብ 11 እና 19 ሲደመሩ ሙሉ ዙር ስለሚሞሉ ነው።

መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በዓለ መጥቅዕ የሚባለው ዕለት መስከረም ላይ ይውላል፤ ስለዚህ መስከረም 18። ከሐሙስ 17 ቀን ብንቆጥር በባለ 7 ዕቁብ 3 ይቀራል፤ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ (የሚጨመረው ቁጥር) 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመሩ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ። ለፋሲካ ተውሳኩ 9 ነው፤ 25 እና 9 ሲደመሩ 34፣ ሠላሳው ሲጣል 4፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሠራነው መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ቀሪ መያዝ ብቻ ነው።

ባለ 4፣ ባለ 7 እና ባለ 19 ማርሽ አንድ ላይ ብትገጥሙ ሦስቱም ወደ መነሻቸው አብረው የሚመለሱት በ532 ዓመት ነው፤ 4 በ7 በ19። ሊቃውንቱ ዐውደ ቀመር ይሉታል። ከአገራችን ማኅደር ወጥቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል የሚገባ የሒሳብ ሰዓት ካለ ይህ ነው፤ የሚያስፈልገውም ሦስት ክብ የመብራት ረድፍ ነው፣ 4፣ 7 እና 19 መብራት ያላቸው።

ለመሥራት ለምትነሡ

ጊዜ ጠባቂው ቺፕ ዲኤስ 3231 የሚባለው ቢሆን ይመረጣል። ሹካው በውስጡ አለ፤ ሙቀቱን ራሱ እየለካ ያርመዋል፤ ስለዚህ ያ የአዲስ አበባ ብርድ አያዘገየውም፤ ስህተቱ በዓመት ከአንድ ደቂቃ ገደማ አይበልጥም። ከተራ ማይክሮኮንትሮለር ጋር በሁለት የመረጃ ሽቦ ይገናኛል።

ቺፑ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው፤ የምርቱ መግለጫም በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨምርበት ስሌት እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ብቻ እንደሚሠራ ይናገራል። በዚያ ዓመት የፈረንጁ የካቲት 29ኛ ቀን አይኖረውም፤ ቺፑ ግን በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን መጨመር ብቻ ነው የተማረው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲህ ያለ ልዩ ሁኔታ የለበትም፤ ባለ 4 ዕቁቡ አይቋረጥም፤ በዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ ወደ 12 ይሸጋገራል እንጂ። ስለዚህ የቺፑን ወርና ዓመት ተዉት፤ ፕሮግራማችሁ ቀኖችን ብቻ ይቁጠር። መነሻውን መስከረም 1 ቀን 2016 አድርጉና ያን ቀን ዜሮ በሉት። አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው፤ ዙሩን ጣሉ። ቀሪውን ለ365 አካፍሉ፤ የሚወጣው ቁጥር በአራት ዓመቱ ዙር ውስጥ ያለውን ዓመት ይሰጣል። ከዚያ የቀረውን ለ30 አካፍሉ፤ የሚወጣው ወሩን፣ የሚቀረው ቀኑን ይሰጣል፤ በሁለቱም ላይ አንድ ጨምሩ። ለምሳሌ ቀሪው 100 ከሆነ 3 ይወጣል፣ 10 ይቀራል፤ አራተኛው ወር፣ 11ኛው ቀን፦ ታኅሣሥ 11።

ይህ አሠራር የሚሰናከለው በአንድ ቀን ብቻ ነው። የ1,461ዱ የመጨረሻ ቀን 1,460 ሆኖ ይመጣና ለ365 ሲካፈል 4 ያወጣል፤ በዙሩ ውስጥ ግን ከ3 በላይ ዓመት የለም። 4 ሲወጣ 3 በሉት፤ 365ም ይቅር። 365ን ለ30 ስታካፍሉ 12 ይወጣል፣ 5 ይቀራል፤ 13ኛው ወር፣ 6ኛው ቀን። ይህን መስመር የዘነጋ ፕሮግራም ስህተቱ የሚታይበት ቀን ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ነው።